እሑድና ሰኞ በጁባ

ሰው አገሩን ለቆ ሲሄድ የጎረቤቱን፣ የሽማግሌውንና የማኅበረ ምእመናኑን ዓይን ትቶ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ እምነቱ የእርሱ ነበረን ወይስ የሰፈሩ? ይህን የምንጠይቀው ከ1997 ዓ.ም. የሱዳን የሰላም ስምምነት በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሆቴልና ምግብ ቤት ሊከፍቱ፣ ሊነግዱም ወደ ጁባ ስለ ወረዱ ነው።

ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር ናት። ወንዙ አጠገቧ ሳለ ግን ብዙው ሕዝቧ ውሃ የሚገዛው ከቦቴ መኪና በበርሜል ነው። እንግዲህ አንድ ክርስቲያን ውሃ ሻጭ እናስብ። እሑድ ይዘምራል፤ ምናልባትም ይሰብካል። ሰኞ በርሜሉን አንድ ስንዝር አጉድሎ የሙሉውን ዋጋ ይቀበላል። ይህን ለመፍረድ ብዙ ጥበብ አያሻም፤ መጽሐፈ ምሳሌ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የሚናገረውን ልጆቻችን እንኳ ያውቁታል። በሥራ እንደማንጸድቅ እናምናለን፤ ይህን የከበረ ትምህርት ግን የበርሜል ጉድለት መሸፈኛ ያደረገው ሰው ትምህርቱን አልሰማውም።

የሚከብደው ሌላው ነው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን መንግሥት የገንዘቡን ምንዛሪ ለገበያ በለቀቀ ጊዜ፣ በ3 ፓውንድ ያህል ይመነዘር የነበረው ዶላር ወደ 18 ፓውንድ ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ ፓውንዱ እጅግ ወደቀ። አንድ የሆቴል ባለቤት ለአልጋው ዶላር ይቀበላል እንበል፤ አልጋውን ለምታነጥፈው ሴት ግን በቀድሞው ውል በፓውንድ ይከፍላታል። ቃሉን አላፈረሰም፤ ዳኛም አይቀጣውም። ደመወዟ ግን በእጇ ላይ ቀልጧል። ይህ ሰው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ስለ ሠራተኞች ደመወዝ የጻፈውን ሲያነብ፣ «እኔ አልከለከልሁም» ሊል ይችላልን? እኛስ አይችልም እንላለን፤ ውሉ ያላየውን ኅሊናው አይቶታልና። «ገበያው እንዲህ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ገበያው ግን አልተጠመቀም፤ የተጠመቅነው እኛ ነን። በእርግጥ ነጋዴውም ጭንቀት አለበት፤ ዕቃው በዶላር ተገዝቶ ከኡጋንዳ ይመጣል፤ መንገዱም ያስፈራል። ይህን ሳያዩ በደጋ ተቀምጦ መፍረድ ቀላል ነው።

የአገሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ ከእኛ ይልቅ በመራራ መንገድ ቀምሰውታል። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻ በወጡ ጊዜ አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ግን በጁባ ጦርነት ተነሣ፤ በአንድ ጌታ ስም የተጠመቁ ሰዎች በነገዳቸው ተለይተው ተገዳደሉ። ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ በቫቲካን ተንበርክከው የመሪዎቹን እግር ሳሙ፤ ያን ጊዜ የ82 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ከጀስቲን ዌልቢና ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን መሪ ከኢያን ግሪንሺልድስ ጋር ወደ ጁባ መጡ። በትምህርት ከሮም ብንለይም ይህን ትሕትና አንንቅም። ግጭቱን ሁሉ አላስቆመም፤ ነገር ግን በአፍ የተሰበከው ነገር በጉልበት ታይቷል።

ያ የሆቴል ባለቤት ግን ለዚህ ቫቲካን ድረስ መሄድ አያሻውም። ወሩ ሲያልቅ ሴቲቱ ደመወዟን ልትቀበል በፊቱ ትቆማለች፤ በዚያም ሰዓት የሚያየው የሰፈሩ ሽማግሌ የለም።