የግድያ ታሪክ እየሰሙ መደሰት

እ.ኤ.አ. በ1947 የእንግሊዙ ንጉሥ እናት ንግሥት ሜሪ 80ኛ ዓመታቸውን ሲይዙ፣ ቢቢሲ ለልደታቸው ምን ዓይነት ዝግጅት እንደሚወዱ ጠየቃቸው። የአጋታ ክሪስቲ ሥራ ይሁንልኝ አሉ። ደራሲዋም ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ የሬዲዮ ድራማ ጻፈችላቸው፤ በነፍስ ግድያ ላይ የተመሠረተ። የድራማው መነሻ ደግሞ እውነተኛ ሞት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1945፣ በአደራ ለገበሬ ቤተሰብ የተሰጠ የ12 ዓመት ልጅ በአሳዳጊዎቹ ጭካኔ ሕይወቱ አልፎ አገሩ ሁሉ አዝኖ ነበር። ያ ሐዘን የልደት ስጦታ ሆነ። ኋላም ድራማው ሰፋ ብሎ «የአይጥ ወጥመድ» በሚል ርእስ በ1952 ለንደን መድረክ ላይ ወጣ፤ በዓለም ረጅም ዘመን የታየ ተውኔት ለመሆንም በቃ።

«አትግደል» የሚለውን ትእዛዝ ከልቡ የሚያምን ሰው ራቱን በልቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ፣ የሰው ነፍስ ሲጠፋ በሬዲዮ እየሰማ የሚደሰተው ለምንድን ነው? ደስታውስ ንጹሕ ነው?

ብዙዎች «እንቆቅልሽ እኮ ነው፤ ምን ክፋት አለው?» ብለው ያልፉታል። ደራሲዎቹም ይህን አስተሳሰብ አበረታተዋል። ካቶሊካዊው ካህን ሮናልድ ኖክስ በ1929 ለመርማሪ ታሪክ ድርሰት ዐሥር ሕጎች አውጥቶ ነበር፤ ወንጀለኛው ገና ከጅምሩ መጠቀስ አለበት፣ መርማሪው ራሱ ገዳይ መሆን የለበትም፣ ያገኘውን ፍንጭም ከአንባቢ መደበቅ አይችልም። ጨዋታ ስለሆነ ሕግ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጠፋ ቦርሳም በበቃ ነበር። የሚመረጠው ግን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ግድያ ነው።

ለዚህ ጠንከር ያለ መልስ የሰጠው ገጣሚው ኦደን ነው። ኦደን ክርስቲያን ነበር፤ የመርማሪ ታሪክም እንደ ትምባሆና እንደ መጠጥ ሱስ እንደሆነበት በ1948 ባሳተመው መጣጥፍ በግልጽ ተናግሯል። በእሱ አመለካከት ግድያ ከሌላው ወንጀል የሚለየው የተበደለው ሰው በሕይወት ስለሌለ ነው፤ ካሣ የሚቀበል፣ ይቅር የሚል የለም። ታሪኩን የሚወደው ሰውም በውስጡ የበደለኝነት ስሜት ያለበት ሰው ነው። ጥፋተኛው ተለይቶ ሲወጣ የቀሩት ሁሉ ንጹሐን ይሆናሉ፤ አንባቢውም አብሮ ይነጻል፣ ለጥቂት ጊዜም ወደ ኤደን ገነት የተመለሰ ይመስለዋል።

ይህ በመጽሐፍ ስለሚነበብ ታሪክ እውነት ሊሆን ይችላል። ታሪኩ ወደ ሬዲዮ ሲሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል።

በወረቀት ላይ ውሸትና እውነት መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ፊደል ናቸው። በሬዲዮ ግን ውሸታሙ መተንፈስ አለበት። ገዳዩን የሚጫወተው ተዋናይ አሁን የሚታመን፣ መጨረሻው ከታወቀ በኋላ ግን ውሸቱ የሚሰማ ድምፅ ማውጣት ይጠበቅበታል። አድማጩ ሬሳውን አያይም፣ የተጠርጣሪውን ዓይን አያይም፤ ያለው የበር ሲጢጥታ፣ ጠጠር ላይ የሚሄድ እግር፣ ሲኒ ሲቀመጥ የተንቀጠቀጠ እጅ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ገልጦ ማመሳከር፣ ወደ መጨረሻው ገጽ መዝለልም የለም። ስለዚህ በድምፅ ይፈርዳል። ሻካራ ድምፅ ያለውን ይጠረጥራል፤ የገጠር ዘዬ የሚናገረውን፣ የሚቆጣውን፣ የሚንተባተበውን ይኮንናል። የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ በሬዲዮ እየሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ አንድ ድምፅ ስንት ሰው መሆን እንደሚችል ያውቃል፤ በድምፅ መታለል ምን ያህል ቀላል እንደሆነም አይጠፋውም። የገዳዩ ስም ሲጠራ አድማጩ በልቡ ሦስት አራት ንጹሕ ሰው ሰቅሎ ጨርሷል። ኦደን ያለው የኤደን በር እዚህ ላይ ይዘጋበታል።

ፈራጁ ራሱ ከክፋት ንጹሕ አለመሆኑን ከማንም በላይ ያወቀው እንግሊዛዊው ደራሲ ቼስተርተን ይመስላል። አባ ብራውን የተባለውን መርማሪ ካህን የፈጠረው ጆን ኦኮነር ከሚባሉ ካህን ጋር ከተገናኘ በኋላ ነው። ስለ ሰው ክፋት እሳቸው ከእሱ ይልቅ ብዙ ማወቃቸው አስደነገጠው። ወዲያው ደግሞ ሁለት ተማሪዎች «ካህናት ከዓለም ርቀው ስለሚኖሩ ክፋትን አያውቁም» ሲባባሉ ሰማ። የንስሐ አባት ምን ሲሰማ እንደሚውል የሚያውቅ ሰው የቼስተርተን መገረም ይገባዋል።

በ1911 የወጣው የመጀመሪያው መድበል ውስጥ «የእግዚአብሔር መዶሻ» የሚል ታሪክ አለ። ሰካራምና ሴሰኛ የሆነ መኮንን በቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ የራስ ቅሉ ደቅቆ ሞቶ ይገኛል። የተመታው በትንሽ መዶሻ ነው፤ ምቱ ግን የግዙፍ ሰው ይመስላል። መንደሩ ሁሉ ብረት ቀጥቃጩን ይጠረጥራል፤ ጉልበት አለው፣ ሚስቱንም ሟቹ ያባልግበት ነበር። ገዳዩ ግን የሟቹ ወንድም፣ ጸሎተኛው ቄስ ዊልፍሬድ ነው። ከሕንፃው ጫፍ ላይ ቆሞ ሲጸልይ ወንድሙን ከታች እንደ ተባይ አየው፤ መዶሻዋን ለቀቃት፣ ከፍታው ጉልበት ሰጣት። አባ ብራውን ቄሱን ወደዚያው ከፍታ አውጥቶ የልቡን መንገድ አንድ በአንድ ሲነግረው፣ ዊልፍሬድ ይህን ያወቀው ሰይጣን ነው ወይ ብሎ ይደነግጣል። የካህኑ መልስ ሰው መሆኑን፣ ስለዚህም ክፋቱ ሁሉ በእሱም ልብ እንዳለ የሚገልጽ ነው። አሳልፎ አይሰጠውም፤ ምርጫውን ለራሱ ይተውለታል። ዊልፍሬድም ወርዶ እጁን ለፖሊስ ይሰጣል።

አባ ብራውንን በ1980ዎቹ በቢቢሲ ሬዲዮ የተጫወተው አንድሩ ሳክስ ነው፤ ለስለስ ያለ ድምፅ ለዚህ ካህን ይስማማዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ በጆሮ ሲሰማ የዋሁና መንፈሳዊው ድምፅ ያታልላል፣ የቀጥቃጩ ጎርናና ድምፅ ያስኮንናል።

ሼርሎክ ሆልምስም ቢሆን ወንጀለኛ መያዝ ብቻ አልነበረም ሥራው። ክላይቭ ሜሪሰንና ማይክል ዊሊያምስ በቢቢሲ ከ1989 እስከ 1998 ሆልምስንና ዋትሰንን ሆነው 60ዎቹንም ታሪኮች ተጫውተዋል። ከእነዚህ በአንዱ ሆልምስ ዕንቁ የሰረቀውን ራይደርን በገና ሰሞን ይለቀዋል፤ እስር ቤት ቢገባ ዕድሜ ልኩን ሌባ ይሆናል ብሎ።

አንድ ነገር ግን ሊሸፈን አይገባም። እነዚህ ታሪኮች በተጻፉበት ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ገዳይ ከተያዘ ገመድ ይጠብቀው ነበር፤ ለነፍስ ግድያ የስቅላት ቅጣት የቆመው በ1965 ነው። አብዛኛው ድራማ ግን እስሩ ላይ ሙዚቃ አሰምቶ ይሰናበታል። ይህ ማምለጥ ነው። ደራሲዋ ዶሮቲ ሴየርስ በ1937 ባሳተመችው ልብ ወለድ መርማሪዋ ሎርድ ፒተር ወንጀለኛው በሚሰቀልበት ዋዜማ እንቅልፍ አጥቶ፣ ሲነጋም ሚስቱ ጉልበት ላይ ሲያለቅስ ታሳያለች። ይህችው ሴት ናት ከ1941 እስከ 1942 የጌታን ሕይወት በ12 ክፍል ለቢቢሲ ሬዲዮ የጻፈችው። ይሁዳንም ተራ ሌባ አላደረገችውም፤ ከደቀ መዛሙርቱ ሁሉ አስተዋይ አድርጋ ሣለችው።

እንግሊዝኛ የሚሰማ አንባቢ እነዚህን ድራማዎች ይፈልጋቸው፤ ከአባ ብራውን ቢጀምር ይመረጣል። ሲያዳምጥም መጀመሪያ የጠረጠረውን ሰው ስም ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ድራማው ሲያልቅ ያን ሰው በምን እንደጠረጠረው ራሱን ይጠይቅ።