የምድር እሳት መዓት ነውን?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ በኤርታ አሌ ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ ያለው፣ ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በማንም ዜና መዋዕል ያልተጻፈለት ሃይሊ ጉቢ ተቀስቅሶ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንንና ዖማንን አልፎ እስከ ሕንድ ሰማይ ደረሰ። እንዲህ ያለ ነገር በሆነ ጊዜ ከሰው አንደበት ፈጥኖ የሚወጣው ቃል «መቅሠፍት» ነው። እኔ ግን ይህ ፍርድ ለፈጣሪም ለፍጡርም የማይገባ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱንም በሐዲያና በከምባታ ምድር ላይ ቆሜ ላስረዳ እወዳለሁ።

እሳተ ገሞራ ባሕርይ እንጂ ቁጣ የለውም። ከምድር ከርሥ የሚወጣው ቅልጥ ዐለት ሲሊካው ያነሰ እንደ ሆነ ቀጭን ነውና፣ በውስጡ ያለው ጋዝ ሳይታገድ ይለቀቃል፤ ኤርታ አሌም በዚህ ጠባይ ዳገቱ ለዘብ ያለ፣ ሊቃውንቱ ጋሻ መሰል የሚሉት ተራራ ሆኗል። ሲሊካው ሲበዛ ግን ቅልጡ ይወፍራል፤ የሚፈላ ገንፎ እንፋሎቱን አምቆ ቆይቶ ድንገት እንደሚተፋ፣ እርሱም ጋዙን አፍኖ ይዞ ኋላ በታላቅ ኃይል ይፈነዳል፤ አመድና ቅልጥ እየተደራረቡም ቀጥ ያለ ተራራ ይሠራሉ፤ ከርሡ በአንድ ጊዜ የተራቆተ እንደ ሆነም ጣራው ወደ ውስጥ ይናዳል። ከሐዲያ በስተ ምሥራቅ የሻላ ሐይቅ የተኛበት ጉድጓድ ከ240,000 ዓመት ገደማ በፊት የተከፈተው በዚህ ሥርዓት ነው። ሃይሊ ጉቢ ራሱ ጋሻ መሰል ሳለ ያን ያህል አመድ መርጨቱ፣ ሥርዓቱ ከእኛ አከፋፈል የሰፋ መሆኑን ያሳያል።

ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የከምባታው ሐምበሪቾ፣ 777 ደረጃውን የሚወጣ ሰው ባያስበው እንኳ፣ የጥንት እሳት ሥራ ነው፤ በግርጌው እንሰቱን የሚያበቅለውም አፈር ከዚያው ዐለትና አመድ የረገፈ ነው። በሐዲያ ቆዳ የሚያለፋው ባለሙያ በእጁ የሚይዘው ባልጩት፣ ወፍራሙ ቅልጥ ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ የሆነው ጥቁር መስታወት ነው፤ ጠርዙ ሲደነዝዝ በጥቂቱ ይሸርፈዋል፣ ስለቱም ይታደሳል።

ከዚህ ተነሥቶ እሳቱ በረከት ነው የሚል ይኖራል፤ ይህም ግማሽ እውነት ነው። አፈር እስኪሆን እልፍ ዘመን የሚፈጅ ቸርነት፣ በአፍዴራ ግጦሹ በአመድ ለተሸፈነበት አርብቶ አደር የዛሬ እራት አይሆነውም፤ የልጅ ልጆች ጥጋብም የአባቶችን መከራ ጽድቅ አያደርገውም። መድኃኔ ዓለም የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌላው ይልቅ በደለኞች ነበሩ የሚለውን አሳብ አልተቀበለም። እንግዲህ ጌታ ያልፈረደውን ፍርድ በአፋር ሰው ላይ የሚፈርድ ማን ነው?

ስለዚህ በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሾኔ፣ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የምትሰበሰቡ ወገኖቼ ሆይ፣ አመድ በወረደ ቀን ትርጓሜውን ከመስበካችሁ በፊት ለሰዉ ውኃ፣ ለከብቱ መኖ አዋጡ።