ታቦት የሌለው ቤት

ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ ነገሩ ቀላል ነው። ታቦቱ በክብር ወጥቶ መቃኞ ይገባል፤ ቅዳሴው እዚያው ይቀጥላል። አሮጌው ግድግዳ ቢፈርስ፣ የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ቢለወጥ፣ ታቦቱ ተመልሶ መንበሩ ላይ ሲያርፍ ደብሩ ያው ደብር ነው። እንጦጦ ማርያም ሥር ያደግን ልጆች ይህን ገና ፊደል ስንቆጥር ነው የሰማነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚሁ ነው፤ ግን ፊደል ላስቆጠሩን ለየኔታ ያ እንኳ ትርፍ ወሬ ነው። ማርያም የምትከብረው በታቦቷ እንጂ ዘውድ ስለተጫነባት አይደለም ይላሉ።

እኔን የሚያስቸግረኝ ታቦት የሌለው ቤት ነው።

የሴራሚክ ሠራተኛ ነኝ። አሮጌ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ማድረግ ነው። ባዶ ድምፅ የሰጠው ይነቀላል፣ ያልሰጠው ይቆያል። ባለቤቱ ግን ሁልጊዜ «ሁሉንም ንቀለውና በአዲስ ገላግለኝ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ለእኔም የሚቀለኝ እሱ ነው። አንድ ሴራሚክ ከድሮው ጋር ማመሳሰል፣ ቀለሙን፣ ውፍረቱን፣ የፉጋውን ስፋት ጭምር፣ ሙሉ ግድግዳ ከማልበስ ይከብዳል።

ለዚህ ነው የአፍሪካ አዳራሽ እድሳት የገረመኝ። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዘዲሚ የነደፈው፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ያ ሕንፃ በ57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ታድሶ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ለዘመኑ ስብሰባ የሚሆን መሣሪያ ገብቶለታል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲችልም ተጠናክሯል። ሴራሚኩ ግን የድሮውን ቀለም እንዲይዝ ተደርጎ ነው የተተካው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወትም ተጠግኖ እቦታው አለ። በርካሹ አዲስ አዳራሽ መሥራት አይቻልም ነበር? ይህን ጥያቄ ለየኔታ አቀረብኩላቸው።

«ልጄ፣ ታዲያ ለግንብ ልትሰግድ ነው?» አሉኝ። «ቤቱ ለጉባኤው ነው። ጉባኤው ካለ ቤቱ ምን ይሁን ምን።»

ጉባኤው ታቦት ቢሆን ኖሮ እውነት ነበራቸው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአፍሪካ አዳራሽ ተመሠረተ። የእሱ ወራሽ የአፍሪካ ኅብረት ግን ጥር 2004 ዓ.ም. ቻይና ወዳሠራችለት ሕንፃ ገባ። ጉባኤው ከነማዕረጉ ሄደ፤ ታዲያ የ1955ቱ ቀን አብሮት ሄደ? አልሄደም። የድርጅቱ መሥራቾች እነ ንክሩማ የተቀመጡበትን ማየት የፈለገ ሰው አሁንም የሚሄደው ወደ አፍሪካ አዳራሽ ነው። ታቦት በካህን ራስ ላይ ሆኖ ይሄዳል። የሆነ ነገር ግን ከሆነበት ቦታ አይነሳም።

የባሰው ደግሞ ያ አዲስ ሕንፃ የቆመበት ቦታ ነው። እዚያ ዓለም በቃኝ የሚባለው እስር ቤት ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስልሳዎቹን ባለሥልጣናት የረሸነው በዚያ እስር ቤት ነው። እስር ቤቱ ፈረሰ፤ በቦታው የአህጉሩ መሪዎች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ቆመ። ስብሰባው ያማረ ነው፣ አልክድም። ግን የሟች ልጅ ሄዶ እጁን የሚያሳርፍበት ግድግዳ የት አለ? ቤተ ክርስቲያን ግድግዳዋን ብታፈርስ የሚተርፍላት አላት። ዓለማዊ ቤት ያለው ግድግዳው ብቻ ስለሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያን ግንብ ይልቅ እሱን ስንነካ እጃችን ሊፈራ ይገባል ባይ ነኝ። እንግዳ ነገር እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ከደብር ልጅ ሲሰማ ይብሳል።

የኔታ አልተቀበሉኝም። «ሙታን በጸሎት ስማቸው ሲጠራ ይታሰባሉ፤ ድንጋይ አያስፈልጋቸውም» ይላሉ። በእምነቱ ላለ ሰው ይበቃ ይሆናል። አዲስ አበባ ለስብሰባ የሚመጣው እንግዳ ግን ቅዳሴ አያስቀድስም፤ የማንን ስም እንደሚጠራም አያውቅም። እሱ የሚያየው ግድግዳውን ነው።