ተራ ጠባቂን ማን ይጠብቀዋል?

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል የሀገራችን ሰው። ኮምፒዩተር ግን ይህን ብሂል የሻረ ይመስላል። በአንዱ መስኮት ደብዳቤ ይጻፍበታል፤ በሌላው ሙዚቃ ይሰማበታል፤ ከጀርባ ፋይል ይገለበጣል፤ ማተሚያውም የትናንቱን ሪፖርት ያትማል። ተጠቃሚው ሁሉም በአንድ ጊዜ እየተሠራ ነው ብሎ ያምናል፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲዘገይበትም ይናደዳል። «ሁሉም ይከፈትልኝ፤ አንዱም አይዘግይብኝ» የዘመናችን የዘወትር ጥያቄ ሆኗል። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የባለሙያ ጉዳይ ነው። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን ከፍትሕ ጥያቄ ጋር አንድ ሥር ያለው ሆኖ እናገኘዋለን።

በመጀመሪያ ማሳሳቻውን እንግለጥ። ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒዩተሩ አንጎል በአንድ ቅጽበት የሚይዘው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ፕሮግራም ጥቂት ሺህኛ ሴኮንዶች ይሰጠዋል፤ ከዚያ ያስቆመውና የደረሰበትን ቦታ መዝግቦ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን አዳርሶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ዙሩ እጅግ ፈጣን ስለሆነ ለዓይናችን አንዱም የተቋረጠ አይመስለውም። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በየቤቱና በየቢሮው የገቡት ኮምፒዩተሮች ሁለት፣ አራት፣ ስምንት አንጎሎችን በአንድ ላይ መያዛቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ የሚጠባበቁት ሥራዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸውና ሰልፉ አልቀረም። ብሂሉም አልተሻረም፤ እያንዳንዱ አንጎል ዛሬም የሚወጣው አንድ ዛፍ ነው።

የዚህን ብልሃት አጀማመር መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አንድ ተመራማሪ ፕሮግራሙን በተበሱ ካርዶች አዘጋጅቶ ለማሽኑ ሠራተኞች ያስረክብ ነበር። ውጤቱን ለማየት ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ይጠብቃል። አንዲት ምልክት ከተሳሳተች እንደገና ወረፋ መያዝ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፌርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ አንዱን ማሽን ለብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚያካፍል ሥርዓት ሠርተው አሳዩ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ማሽኑ የብቻው የሆነ ያህል ይሰማው ጀመር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የማሽኑ ፍጥነት አልጨመረም። የተለወጠው የሰዎቹ አጠባበቅ ነው። ረጅሙ ጥበቃ ተቆራርሶ ለሁሉም ታደለ፤ ቁራሹም እጅግ ከማነሱ የተነሣ የማይታይ ሆነ።

እንግዲህ «ሳይዘገይ ሁሉን የሚያስተናግድ» የምንለው ማሽን ማንንም የማያስጠብቅ ማሽን አይደለም። ማን፣ ምን ያህል፣ በማን ውሳኔ ይጠብቅ የሚለውን በሚገባ የመለሰ ማሽን ነው። ይህንን ውሳኔ የሚሰጠውን የፕሮግራም ክፍል፣ በየታክሲ ማቆሚያው ያሉትን ወጣቶች ስም ተውሰን፣ ተራ አስከባሪ እንበለው።

ለመሆኑ ተራ አስከባሪው በምን ሕግ ይፈርድ? የመጀመሪያው ሕግ «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገድ» የሚለው ነው። ከዚህ የበለጠ ቅን ሕግ ያለ አይመስልም። ነገር ግን የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው የሁለት ሰዓት ጉዳይ ካለው ሰው ኋላ ከቆመ፣ ቅንነቱ ለእርሱ ምን ይፈይድለታል?

ሁለተኛው ሕግ «አጭሩ ሥራ ይቅደም» ይላል። በዚህ ሕግ አማካዩ የጥበቃ ጊዜ ከሁሉም እንደሚያንስ በሒሳብ ማረጋገጥ ይቻላል። ፍትሕ ማለት የብዙኃኑ ምቾት ነው የሚል ፈላስፋ ያለ ጥርጥር ይህንን ይመርጣል። ሆኖም ረጅም ሥራ የያዘው ምስኪን አለ። አጫጭሮቹ መምጣታቸውን እስካላቆሙ ድረስ የእርሱ ተራ አይደርስም። አማካዩ ያምራል፤ በአማካዩ ውስጥ ግን አንድ ሰው ጠፍቷል።

ሦስተኛው ሕግ ለሁሉም እኩል ቁራሽ ጊዜ እየሰጡ መዞር ነው። በዚህ ማንም አይረሳም። ግን ይህም ዋጋ አለው። አንዱን አስቁሞ ሌላውን ማንሳት ራሱ ጊዜ ይፈጃል። ቁራሹ ከመጠን በላይ ካነሰ ማሽኑ በመቀያየር ብቻ ይደክማል፤ ከመጠን በላይ ከረዘመ ደግሞ ተመልሰን የመጀመሪያው ሕግ ላይ እንወድቃለን።

የሊኑክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ሥርዓት ሌላ መልስ ሞከሩ። «ፍጹም ፍትሐዊ ተራ አስከባሪ» ብለው ሰየሙት። ሕጉም በአጭሩ፣ እስካሁን ከድርሻው ያነሰ የደረሰው ይቅደም የሚል ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ይህም በሌላ ስልት ተተካ። ድርሻን ማስተካከል ብቻ አልበቃም፤ ድርሻው የሚደርስበት ሰዓትም ታሳቢ መሆን ነበረበት። ለተራበ ሰው እህል እንደሚገባው መወሰን አንድ ነገር ነው፤ በጊዜ ማድረስ ሌላ ነገር ነው።

«ሕግ ለምን ያስፈልጋል? ሁሉም በጨዋነት ተራውን ቢለቅስ?» የሚል ይኖራል። ይህም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ዊንዶውስ 3.1 እና የዚያን ዘመን የማኪንቶሽ ኮምፒዩተሮች ይሠሩ የነበሩት በዚህ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ጥቂት ከሠራ በኋላ በራሱ ፈቃድ ቦታውን ይለቃል ተብሎ ይታመን ነበር። ብዙዎቹም ይለቁ ነበር። ነገር ግን አንዱ በስስትም ሆነ በብልሽት አልለቅም ያለ እንደሆነ ኮምፒዩተሩ በሙሉ ይደርቃል፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍም ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሥርዓቶች የተሰጠው ጊዜ ሲያበቃ ፕሮግራሙ ፈቀደም አልፈቀደም ያስነሱታል። ከዚህ የምንማረው ጨዋነትን መናቅ አይደለም። የሚጠባበቀው ሰው መብት በተቀመጠው ሰው ጠባይ ላይ ብቻ መንጠልጠል እንደሌለበት ነው።

ጨዋነትም ቢሆን ቦታ አላጣም። በዩኒክስ ሥርዓት ውስጥ «ናይስ» የምትባል ትእዛዝ አለች፤ ቃሉ ደግ ማለት ነው። ማንኛውም ተጠቃሚ በዚህች ትእዛዝ የራሱን ሥራ ዝቅ አድርጎ ሌሎችን ማስቀደም ይችላል። ራሱን ከፍ ለማድረግ ግን የአስተዳዳሪው ሥልጣን ያስፈልገዋል። «እናንተ ቅደሙ» ማለት ለሁሉም የተፈቀደ ነው፤ «እኔ ልቅደም» ማለት ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ደንብ ያወጡት መሐንዲሶች ስለ ሥነ ምግባር ያስቡ እንደነበር አናውቅም ይሆናል፤ ደንቡ ግን በየትኛውም መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አያሳፍርም።

ቅድሚያ የሚባለው ነገር ከነጭራሹ ይቅር ማለት አይቻልም። ለአምቡላንስ መንገድ እንደሚለቀቀው ሁሉ፣ ቁልፍ ስንነካ ፊደሉ ወዲያው እንዲታይ ማድረግ ከጀርባ የሚሄደውን ግልበጣ ከማፋጠን ይቀድማል። አደጋው ቅድሚያ ያላቸው በበዙ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ዝቅተኛው ሥራ ሳይነካ ይቀራል። ባለሙያዎቹ ለዚህ ሁኔታ ያወጡለት ስም ረሃብ ነው። በዘርፉ መማሪያ መጻሕፍት እንደ ወሬ የሚጠቀስ አንድ ነገር አለ። በማሳቹሴትሱ ተቋም አንድ አሮጌ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1973 ሲዘጋ፣ በ1967 ገብቶ ተራው ገና ያልደረሰው አንድ ሥራ በወረፋው ውስጥ ተገኘ ይባላል። ወሬው ተረትም ይሁን፣ መድኃኒቱ ግን እውነተኛ ነው። የሚጠብቀው ሥራ በቆየ ቁጥር ማዕረጉ ቀስ በቀስ ከፍ ይደረግለታል። በዕድሜ መክበር ልንለው እንችላለን። መጠበቁ ራሱ መብት ያፈራለታል፤ ምንም ያህል ዝቅተኛ ቢሆን አንድ ቀን የማንም ማዕረግ አይበልጠውም።

ዝቅተኛውን መርሳት ለከፍተኛውም እንደማይበጅ የሚያሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1997 ፓዝፋይንደር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ማርስ ላይ ካረፈች በኋላ ኮምፒዩተሯ በየጊዜው እየተቋረጠ እንደገና ይነሣ ጀመር። ምክንያቱ ሲመረመር እንዲህ ሆኖ ተገኘ። የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ሥራ አንድ የጋራ መገልገያ ቁልፍ ይዞ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ያንን ቁልፍ ፈልጎ ይጠብቃል። በመካከል ያሉት ሥራዎች ደግሞ ከዝቅተኛው እንበልጣለን እያሉ ስለሚቀድሙት፣ ሥራውን ጨርሶ ቁልፉን መልቀቅ አልቻለም። ትልቁ በትንሹ መገፋት ምክንያት ታሰረ። መሐንዲሶቹ ከምድር በላኩት ማስተካከያ ችግሩ ተፈታ፤ ዝቅተኛው ሥራ ትልቁ የሚፈልገውን እስከያዘ ድረስ የትልቁን ማዕረግ ይውረስ አሉ። መዝገብ ቤት ያለችውን ጸሐፊ ማንም እያቋረጣት የሚኒስትሩ ደብዳቤ ለምን ዘገየ ብሎ ለሚቆጣ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም።

ይህ ሁሉ ሕግ የማያድንበት ጊዜም አለ። ፒተር ዴኒንግ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳብራራው፣ የተከፈቱት ፕሮግራሞች ከማሽኑ የማስታወሻ አቅም በላይ ሲሆኑ ኮምፒዩተሩ የአንዱን ዕቃ ወደ ዲስክ እያወጣ የሌላውን ሲያስገባ ይውላል። ሲታይ እጅግ ይባዝናል፤ ፍሬው ግን ከቁጥር አይገባም። መፍትሔው ለጊዜው አንዳንዶቹን ከናካቴው አለማስገባት ነው። ይህ ጨካኝ ይመስላል። ነገር ግን ሁሉንም እሺ ብሎ የማንንም የማይጨርስ ሹም፣ «ዛሬ አልችልም፤ ማክሰኞ ይምጡ» ብሎ ማክሰኞ ከሚጨርሰው የበለጠ ደግ ነውን? ሁሉን መቀበል ከርኅራኄ የመጣ ሊመስል ይችላል፤ አቅምን ያልመዘነ እሺታ ግን ቆይቶ የሚገለጥ እንቢታ ነው።

«ፕሮግራም ሰው አይደለም፤ ምን አመሳሰለው?» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው ትክክል ነው። ፕሮግራም ሲያቋርጡት አይከፋውም፤ ሺህ ጊዜ ቢያቆሙት ከቆመበት መስመር ይቀጥላል። ከማለዳ ጀምረው በአንድ መስኮት ፊት የቆሙ እናት ግን ከሰዓት በኋላ ሲጠሩ የማለዳዋ ሴት አይደሉም። ፀሐይ፣ ረሃብና የመናቅ ስሜት ተፈራርቀውባቸዋል። በቀደመው የመሳፍንት ሥርዓት ደጅ መጥናት ማለት ይኸው ነበር። ደጅ ጠኚው የሚከብደው መቆሙ ብቻ አልነበረም። መቼ እንደሚታይ አለማወቁም ነበር። ያ አለማወቅ ራሱ የጌታው ሥልጣን አካል ነበር፤ ቀን ቢቆርጥለት ሥልጣኑ በዚያው ልክ ይቀንስ ነበርና።

ነገር ግን ተቃውሞው ወዴት እንደሚያመራ እናስተውል። ፕሮግራም የማይታመም መሆኑ የእኛን ዕዳ ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። መሐንዲሶች ስሜት ለሌለው ሥራ እንኳ ከስድሳ ዓመት በላይ ተጨንቀው፣ አንድም እንዳይረሳ ሕግ አውጥተውለታል። ታዲያ ለሚርበውና ለሚያፍረው ሰው ከዚያ ያነሰ ሕግ እንዴት ይበቃዋል? ከሦስቱ ሕጎች የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ገና ይቀጥላል፤ ሰው እንደ ጉዳዩና እንደ ዘመኑ ሊለያይበት ይችላል። ከሁሉ በታች ያለው መሠረት ግን አከራካሪ አይመስለኝም። መጠበቅ በራሱ በደል አይደለም፤ ሁላችንም በየተራችን እንጠብቃለን። በደሉ የሚጀምረው ጥበቃው ማብቂያ ሲያጣ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ አገልግሎት ቅልጥፍና ሲነገረን በአማካይ ስንት ደቂቃ ፈጀ ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ ከሁሉ ረጅም ጊዜ የጠበቀው ሰው ማነው፣ ዛሬስ የት ቆሟል ብለን እንጠይቅ።