ግርዶሽና ሐቀኛ ምስክርነት

ለእምነታችን ስንል ያልሆነ ማስረጃ ማቅረብ ይገባናልን?

የአሦር ጸሐፍት ከየዓመቱ ሹም ስም ጋር ዋና ዋና ነገሮችን ሲመዘግቡ አንድ የፀሐይ ግርዶሽ ጻፉ። ሊቃውንት አስልተው ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 763 መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ በ853 በቃርቃር ከአሦር ጋር እንደ ተዋጋ ታወቀ።

በዚህ ተደስተን አንዳንዶቻችን በስቅለት ቀን የሆነውም ጨለማ ግርዶሽ ነበር እንላለን። ነገር ግን የአይሁድ ፋሲካ በሙሉ ጨረቃ ይውላል፤ ፀሐይ የምትጋረደው ደግሞ ጨረቃ ጠፍታ አዲስ ስትወለድ ነው። ጨለማውም ሦስት ሰዓት ቆየ፤ ሙሉ ግርዶሽ ግን በአንድ ስፍራ ስምንት ደቂቃ አይሞላም።

ስለዚህ ስሌት የሚሰጠንን በምስጋና እንቀበል፤ ያልሰጠንን አንጨምርበት። ስለ እውነት ብሎ መዋሸት እውነትን ማገልገል አይደለምና።