የማን ዕድሜ ነው?

ገንዘብ ብዙ ነገር ይገዛል። ለመሆኑ ዕድሜንስ ይገዛል? ጥያቄው የለቅሶ ቤት ወግ ይመስላል። እኔ ዘንድ ያመጣው ግን ሞት ሳይሆን ካክተስ ነው።

ነገሩን ከስሙ ልጀምር። በየአጥሩና በየገደሉ አፋፍ የምናየው፣ ሲቆርጡት ነጭ ወተት የሚያፈሰው የአገራችን ቁልቋል ካክተስ አይደለም፤ መልካቸው ቢመሳሰልም ዘራቸው ለየቅል ነው። የካክተስ አገሩ አሜሪካ ነው። ከአንድ ዝርያ በቀር፣ ሰው ተሸክሞ ካላሻገረው ከዚያ ምድር ውጭ አልበቀለም። በክረምት በየመንገዱ እየተላጠ የሚሸጥልን በለስ ግን እውነተኛ ካክተስ ነው፤ «የባሕር ቁልቋል» የሚለው ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ መሆኑን ይናገራል።

እኔ የዘራሁት ሳዋሮ የሚባለውን፣ በአሪዞናና በሰሜን ሜክሲኮ በረሃ የሚቆመውን ግዙፉን ነው። ዘሩ ጥቁርና ከጤፍ ጥቂት ተለቅ ያለ ነው። ለጀማሪ አሠራሩ አይከብድም። ጠጠርና አሸዋ የበዛበት አፈር ሻጋታው እንዲሞት በምጣድ ይታመሳል። ሲቀዘቅዝ በሸክላ ይደረግና ዘሩ ከላይ ይነሰነሳል፤ ብርሃን ስለሚሻ አይቀበርም። ሸክላው ውሃ በያዘ ሳህን ላይ ተቀምጦ ከሥር ይጠጣል፤ አፉም ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው። ከ20 ዘር 11 በቀሉልኝ። ዛሬ፣ ከዓመት በኋላ፣ 7 አሉ፤ ትልቁ ከአተር አይበልጥም።

ሳዋሮ በበረሃው በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት 4 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። አበባ የሚያወጣው በ35 ዓመቱ ገደማ ነው፤ ክንድ ለማብቀል ከ50 እስከ 70 ዓመት ይፈጅበታል፤ ከ150 ዓመት በላይም ሊኖር ይችላል። እኔ 34 ዓመቴ ነው። ሂሳቡን አንባቢ ያስላው።

«ታዲያ ለምን ያደገውን አትገዛም?» አለኝ አንድ ወዳጄ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ያደገ ካክተስ ስንገዛ የምንገዛው ምኑን ነው? እሾሁንና አረንጓዴ ሥጋውንማ ትንሹም አለው። ዋጋው የሚከፈለው ለዓመታቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኢጣሊያ ፖሊስ ከቺሊ የአታካማ በረሃ ተነቅለው የተወሰዱ ከ1,000 በላይ ካክተሶች ያዘ፤ ከመካከላቸው ከመቶ ዓመት በላይ እንደሆናቸው የተገመቱ ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት ከ800 በላይ የሚሆኑት ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ2015 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናትም ከካክተስ ዝርያዎች ከመቶ 31 ያህሉ የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበባቸው ገልጿል። ለዚህም አንዱ ምክንያት ለቀማ ነው። በአሪዞና ሳዋሮ ብሔራዊ ፓርክ ሌባን ለመከላከል በተክሎቹ ውስጥ ማይክሮቺፕ እስከ መቅበር ተደርሷል።

የሚገርመው ይህን ገበያ ያቆመው ካክተስን የሚጠላ ሰው አለመሆኑ ነው። የሚጠላውማ ባለበት ይተወዋል። የሚያስነቅለው ወዳጁ ነው፤ ስሙን ከነላቲኑ የሚያውቀው፣ አቧራውን በብሩሽ የሚጠርግለት። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ መጠበቅ ግን አይችልም።

ይሁንና መግዛትን ሁሉ ከሌብነት ጋር መደመር አድሎ ይሆናል። ከዘር ጀምሮ ሃያ ዓመት አሳድጎ የሚሸጥ አትክልተኛ የራሱን ሃያ ዓመት ፈቅዶ ሸጧል። ገዢውም ከማንም አልነጠቀም። እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን አንድ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ክፍያው የሦስት ወር የቤት ኪራዬን ይሸፍናል። ክርክሩም የዋዛ አልነበረም፤ «አንተ ፈቅደህ ትሸጣለህ፣ እኔ ፈቅጄ እገዛለሁ፤ የተሰረቀ ሰው የታል?» አለኝ። በአትክልተኛው ሚዛን ከተመዘነ ልክ ነው። እኔም የምሸጠው የራሴን ዓመታት ነው።

ልዩነቱ ከግብይቱ በኋላ በሚነገረው ቃል ላይ ነው። ካክተስ የገዛው ሰው እንግዳ ሲጠይቀው «ገዛሁት» ይላል። ጽሑፍ የገዛው ግን «ደክሜበታለሁ» ማለት አለበት፤ አለዚያ ዕቃው ዋጋ የለውም። ስለዚህ የሚገዛው ወረቀቱን ብቻ አይደለም፤ ያልኖረውን ዕድሜ ኖሬዋለሁ የማለት መብት ነው። ይህ ደግሞ የእኔ አይደለምና ልሸጠው አልችልም። የተሰረቀውም ሰው ይኖራል፤ ነገ ያንን ወረቀት አምኖ ሥራውን፣ ጤናውን ወይም ገንዘቡን አደራ የሚሰጠው። እምቢ አልኩ፤ ኪራዩንም ተበድሬ ከፈልኩ።

«መጠበቅም እኮ ሌላ ኩራት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ይሆናል። ትዕግሥቱን የሚቆጥር ሰው ትዕግሥተኛ መሆኑን እኔም እጠራጠራለሁ። የበረሃው ሳዋሮ ግን ይህን ጥርጣሬ ያቀልልኛል። ገና ቡቃያ ሳለ ከፀሐይና ከውርጭ የሚከልለው የሌላ ዛፍ ጥላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥላ የሰጠው ዛፍ ቀድሞ ይሞታል፤ አበባውን ላያይ ይችላል። ዛፉ ኩራትም ምስጋናም አያውቅም፤ ጥላው ግን ጥላ ነው።

እንግዲህ የደረስኩበት ይህ ነው። ዕድሜ ይሰጣል፤ ይሸጣልም፤ በሌላ ሰው ስም ግን አይዛወርም። የእኔ 7 አተሮች የአዲስ አበባን ብርድ ችለው ለአበባ ቢደርሱ ሰባ ዓመት ይሆነኛል፤ ካለሁ። ከሌለሁ ደግሞ ሸክላውን የሚወርሰው ሰው «ከየት አመጣኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ እውነቱን ቢናገር ይበቃኛል።