ፍርሃት በሄደ ጊዜ ደኑን ማን ይጠብቀው?

አንባቢ ሆይ፤ ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ስታልፍ ቆም ብለህ ዳገቱን ተመልከት። ዋንዛውና ብርብራው ከላይ ጥላ ሆኗል፤ በጥላው ሥር እንሰት ቆሟል፤ ከእንሰቱም በታች ቡና ይበቅላል። የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያወፍራል፤ ሥሩ ዳገቱን ከመናድ ይይዛል፤ ወፉም በቅርንጫፉ ይጠለላል። ስለዚህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ።

በዚሁ አገር አባቶች ሥርዓታቸውን የሚፈጽሙባቸው የተከበሩ ደኖች አሉ። ከእነርሱ ዛፍ መቍረጥ ነውር ስለ ሆነ መጥረቢያ ሳይደፍራቸው ብዙ ዘመን ቆዩ። ዛሬ ግን ከሕዝቡ የሚበዛው ወንጌልን ተቀብሏል፤ አንዳንዱም፦ «እኔ ደኑን አልፈራም፤ ዛፍ ዛፍ ነው፤ ቈርጬ ብሸጠው ምን ኃጢአት አለብኝ?» ይላል።

ወዳጄ ሆይ፤ የዚህ ሰው ነገር እኩሌታው እውነት ነው፤ ለዛፍ አይሰገድም። ነገር ግን ለላማችንም አንሰግድም፤ ወተቷን እየጠጣን ግን አናርዳትም። አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያለማትና ሊጠብቃት እንደ ሆነ ኦሪት ዘፍጥረት ያስተምረናል፤ ኦሪት ዘዳግምም ከተማን የከበበ ሠራዊት እንኳ ፍሬ የሚሰጠውን ዛፍ እንዳያጠፋ ይከለክላል። እንግዲህ አባትህ ስለ ፍርሃት የጠበቀውን አንተ ስለ ፍቅር ካልጠበቅኸው፥ ነጻ የወጣው መጥረቢያህ ብቻ ነው።

«መሬቴ ጠባብ ነው፤ ልጆቼም ብዙ ናቸው» በሚለው ድኻ አንፈርድም። ነገር ግን ዛፉን ሸጦ ያገኘው ገንዘብ ቶሎ ያልቃል፤ ጎርፍ አፈሩን ከወሰደው ግን እንሰቱም ቡናውም አብረው ይሄዳሉ፤ ጉዳቱም ከታች ላለው ጎረቤቱ ይተርፋል።

ክርስቲያን ደን መጠበቅ እንዲችል ምስክር ብትሻ፥ ወደ ደቡብ ጎንደር ተመልከት። በዚያ ዙሪያው እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ፥ የአገሩ ዛፍ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ተርፏል፤ በአንዳንዱም ሥፍራ ከብት ችግኙን እንዳይበላ የድንጋይ አጥር ተሠርቷል።

አንተም በተራቈተው ዳር የአገሩን ዛፍ ትከል፤ በወይና ደጋው ዋንዛን፥ በደጋው ኮሶን። ከብቱን አርቅ፤ ሣሩና አበባው እስኪመለስ ታገሥ፤ ንቡና ወፉ ይከተላሉ። ተማሪ ብትሆን ታናሽ ወንድምህን ይዘህ ሂድና የዛፎቹን ስም ከሽማግሌዎች ተማሩ። በአምልኮአቸው ባትተባበር እንኳ፥ ስለ ጥበቃቸው አመስግናቸው፤ ያቈዩልህን ደን ለልጅህ ሳታጐድል ማስረከብ የአንተ ዕዳ ነውና።